ዳኛዋና የእህቷ ባል ፊልተር

በኢንስቲትዩቱ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው ወደ ግራ ሲታጠፉ ሦስተኛው በር ላይ «የመለኪያ ክፍል» የሚል ሰሌዳ ተለጥፏል። ከሥሩ አንድ ተማሪ በእስክሪብቶ «ችሎት» ብሎ ጽፎበት ነበር። ሦስት ጊዜ ተፋቀ፣ ሦስት ጊዜ ተመልሶ ተጻፈ፤ በመጨረሻ ፋቂው ሰለቸውና ተወው። ክፍሉ ችሎት ከሆነ፣ ውስጡ የምትቀመጠው ሴት ዳኛዋ መባሏ አይቀርም። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ስትባል ኖራለች። ስሙን ታውቀዋለች፤ አልጠላችውም።

ሥራዋ አጭር ነው። ተማሪም ሆነ አስተማሪ በወረቀት የነደፈውን ሰርኪት በይዶ ያመጣላታል። እሷ ኤሌክትሪክ ትሰጠዋለች፣ ምልክት ታስገባለታለች፣ የሚወጣውን በኦሲሎስኮፕ ስክሪን ላይ ታያለች፣ ቁጥሩን ቅጽ ላይ ጽፋ ትፈርማለች። ከፈረመች በኋላ ይግባኝ የለም። ቁጥሩ ያላማረው ሰው ቦርዱን በብብቱ ይዞ ይወርዳል እንጂ ከእሷ ጋር እሰጥ አገባ አይገባም። አንድ ጊዜ አንድ አንጋፋ አስተማሪ፣ «ሦስት ነጥብ አንድን ሦስት ነጥብ ሁለት ብትያት ምን ይጎድልብሻል?» ብሎ ለምኗት ነበር።

«እኔማ ምንም አይጎድልብኝ» አለችው። «እሷ ግን ሌላ ቁጥር ትሆናለች።»

ይህን ጠባይ ያመጣችው ከስልክ ቤት ነው። ወጣት ሳለች በስልክ ማዞሪያ ጣቢያ የጥገና ክፍል ትሠራ ነበር። በዚያ ዘመን በአንድ ሽቦ ላይ አሥራ ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ ያወራል፤ የአንዱን ድምፅ ከሌላው የሚለየው ለእያንዳንዱ መስመር የተሰጠው ፊልተር ነው። ፊልተሩ የራሱን ያሳልፋል፣ የሰውን ያግዳል። ሲደክም ግን የአንዱ ቤት ጠብ የሌላው ቤት ጆሮ ውስጥ ይገባል። አንድ ቀን አንዲት ሴት ባሏን ስትረግም፣ እርግማኑ መስመር ስቶ ዋጋ ሲደራደር የነበረ የእንጨት ነጋዴ ጆሮ ደረሰ። ነጋዴው ወዲያው ዋጋውን ቀነሰ። ዳኛዋ ይህን ስታወራ አትስቅም፤ ፊልተር ሲበላሽ ሰው ያልበደለውን እንደሚክስ ያየችው ያን ቀን ነው።

ጣቢያው ወደ ኮምፒውተር ሲዞር ፊልተሮቹ በኩንታል ተጣሉ። እሷም አብራ ተጣለች። ኢንስቲትዩቱ ሲቀጥራት ይዛ የመጣችው አንድ ዲፕሎማ፣ አንድ ሳጥን የመዳብ ጥቅልና ሰውን ዓይን ዓይኑን እያየች ዝም የማለት ልማድ ነበር።

ቤት ውስጥ ሌላ ታሪክ አለ። ወላጆቿ ተከታትለው ሲሞቱ እሷ ሃያ አንድ፣ ታናሽ እህቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አሳደገቻት፣ አስተማረቻት፣ ፋርማሲስት አደረገቻት። በመካከሉ እሷን ፈልገው የመጡ ሁለት ወንዶች ነበሩ። ሁለቱንም በትሕትና መለሰች፤ ሦስተኛ አልመጣም።

ለታናሽየዋ ግን መጣ። አመጣጡ እንዲህ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ወጣት አስተማሪ ለዶክትሬቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ ያዘጋጀውን ሰርኪት ወደ መለኪያ ክፍል ይዞ መጣ፤ ዳኛዋም ጣለችበት። በትክክል ነው የጣለችበት፤ ብየዳው ሁለት ቦታ ለቆ ነበር። ሰውየው ነገሩ አልዋጥ ቢለው አድራሻ አጠያይቆ ቅዳሜ ቤቷ ድረስ መጣና አንኳኳ። ዳኛዋ ገበያ ወጥታ ነበር። በሩን የከፈተችው ታናሽየዋ ናት። ለክርክር የመጣው ሰው ለምሳ ተቀመጠ፤ በዓመቱ ሙሽራ ሆኖ ገባ። በሠርጉ ቀን ዳኛዋ «ይግባኙን በዚህ በኩል አገኘው» ብላ ለራሷ አጉረመረመች። ለራሷ ነበር ያለችው፤ ግን ሦስት ሰው ሰማት። ከሦስቱ አንዱ ሙሽራው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዓይንና ናጫ ሆኑ። ቤቱ ሦስት ክፍልና አንድ የጋራ ወጥ ቤት ነው። በመስኮቱ በኩል ያለውን ሰፊ ክፍል ለሙሽሮቹ የለቀቀችው ራሷ ናት፤ ስለለቀቀችውም ይቅር አላለችውም። እሱ ፊት ለፊት «እትዬ» ይላታል፤ ቃሉን ከጥርሱ መሐል እንደ አጥንት እያወጣ። እሷ በስም አትጠራውም። ዶክትሬቱ ሰባተኛ ዓመቱን ስለያዘ ባልደረቦቹ ያወጡለትን ስም ነው የምትጠቀመው፤ «እጩው» ትለዋለች። ማዕድ ላይ በቀጥታ አይነጋገሩም። «ጨዉን አቀብይኝ በያት» ይላል እሱ። «ጨው አጠገቡ ነው በይው» ትላለች እሷ። ታናሽየዋ በሁለቱ መሐል እንደ ማዞሪያ ጣቢያ ተቀምጣ ታሻግራለች።

እጩው የሚሠራው ነገር ለማያውቀው ሰው በአጭሩ ይህ ነው። ፊልተርን እንደ ድሮው በጥቅል ሽቦ ሳይሆን አክቲቭ ብሎክ በሚባሉ ትንንሽ የቺፕ ክፍሎች ይገነባል። ብሎኩ እንደ ጡብ ነው፤ ልዩነቱ ይህ ጡብ ይሠራል። በአንድ እግሩ ያየውን ቮልቴጅ በሌላው እግሩ ይደግማል፤ በእግሩ የገባውን ከረንት ደግሞ በሦስተኛ እግሩ አውጥቶ ለጎረቤቱ ያሻግራል። እጩው እንዲህ ያሉ ሁለት ብሎኮች፣ ሁለት ካፓሲተሮችና ጥቂት ሬዚስተሮች ብቻ ይዞ አንድ ቦርድ ነደፈ። ምልክቱን በአንዱ በር ሲያስገቡት ዝቅተኛውን ድግግሞሽ ብቻ ያሳልፋል፤ በሌላው በር ሲያስገቡት ከፍተኛውን፤ በሦስተኛው የመሐሉን። በቮልቴጅም በከረንትም ይሠራል። ሁለት ዕቃ ሲቀየርለት ደግሞ ፊልተርነቱን ትቶ የማሞቂያን ሙቀት ከፍ ዝቅ ሳይል የሚጠብቅ ኮንትሮለር ይሆናል። አንድ ቦርድ፣ ብዙ ጠባይ።

ዳኛዋ ሥዕሉን ያየችው በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ረስቶት ሲሄድ ነው። ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ ቆማ አየችው። አንድ የሚቀነስ ነገር ፈለገች፤ አጣች። ያን ቀን ከወትሮው የበለጠ ጠላችው።

ሁለት ነገር ደግሞ ነበር። አንደኛው፣ የእጩው የመጨረሻ ማራዘሚያ በዚያ ወር ያበቃል፤ የተለካው ቁጥር ከነደፈው ከአሥር በመቶ በላይ ከራቀ ከፕሮግራሙ ይሰናበታል። ሁለተኛው፣ እጩው ለክፍሉ ኃላፊ ማመልከቻ ጽፏል። «የመለኪያ ክፍሉ ዘመን ያለፈበት ስለሆነ ተዘግቶ ሃያ ኮምፒውተር ይግባበት፤ ሰርኪት ሁሉ በሲሙሌሽን ይፈተን» ይላል። ማመልከቻውን ለዳኛዋ ያሳያት ራሱ ኃላፊው ነው፤ ምን እንደምትል ለማየት። «ፊደሉ ያምራል» ብላ መለሰችለት።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ዳኛዋ የአንድ ፓወር ሰፕላይ ውጤት ምን ያህል እንደሚንቀጠቀጥ እየለካች ሳለ እጩው ቦርዱን በጫማ ካርቶን ይዞ ገባ። ሁለት ተማሪዎች በሩ ላይ ተራ ይጠብቃሉ።

«እንደምን አደርሽ እትዬ» አለ። ያደሩት አንድ ጣሪያ ሥር ነው፤ እቤት ግን እንዲህ አላላትም።

«አስቀምጥና ራቅ በል።»

«ቀስ ብለሽ ያዥው። የሰባት ዓመት ልፋት ነው።»

«ሰባት ዓመት የፈጀው ልፋቱ ነው እንቅልፉ?»

ተማሪዎቹ ሳቁ። የእጩው ጆሮ ቀላ። ከኪሱ የአናጢ ሜትር አወጣና ጫፉን በጠረጴዛዋ ጠርዝ ላይ አስይዞ መዘርጋት ጀመረ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እኔም ልለካ ብዬ ነው» አለ። «አንድ ሜትር ከሰማንያ። ሁለት ኮምፒውተር ያስቀምጣል። ይህን የቺፑድ ግድግዳ ብትነቅዪው ደግሞ ሦስት።»

ተማሪዎቹ በዚህኛውም ሳቁ። ሳቃቸውን አከፋፍለውታል።

ዳኛዋ በሃያ ሁለት ዓመት አንድም ቀን ያልሳተችው ልማድ ነበራት። ከአዲስ ልኬት በፊት ሁሉ እንደ እስክሪብቶ የሚያዘውን ፕሮብ በኦሲሎስኮፑ ፊት ላይ ካለችውና የመፈተኛ ምልክት ከምትሰጠው ትንሽ ሜንጦ ጋር ታያይዛለች፣ የጥርስ መፋቂያ በምታህል ካቻቪቴ ታስተካክላለች፣ ከዚያ ወደ ሰርኪቱ ትሄዳለች። ሰው እጁን ታጥቦ ማዕድ እንደሚቀርበው ነው። ያን ጠዋት ሜትሩ በጠረጴዛዋ ላይ ተዘርግቶ ሳለ፣ ፕሮቡን ከፓወር ሰፕላዩ ነቀለችና በቀጥታ በእጩው ቦርድ ላይ ሰካችው።

የተነደፈው ከፍታው አንድ ሺህ ኪሎኸርዝ ላይ እንዲሆን ነው። የምልክቱን ድግግሞሽ ቀስ እያለች ከፍ አደረገች። ስክሪኑ ላይ ያለው ሞገድ አደገ፣ ከፍታው ላይ ደረሰ፣ መውረድ ጀመረ። ቁጥሩን አየች፤ ስድስት መቶ ዘጠና ሁለት። ደገመችው። ስድስት መቶ ዘጠና ሁለት።

ደስ አላት። ይህን በኋላም አልካደችም። ደስታው ከሆዷ ተነሥቶ እስከ ጣቶቿ ደረሰ፤ ጣቶቿም ቅጹን ሞሉ። ቀን፣ ሰዓት፣ የፕሮብ ቦታ አሥር፣ ውጤት ስድስት መቶ ዘጠና ሁለት፣ ፊርማ።

«ሠላሳ አንድ በመቶ ወድቋል» አለች።

እጩው ሜትሩን ለቀቀው፤ ጥርር ብሎ ተጠቀለለ። «አይሆንም። ሲሙሌሽኑ አንድ ሺህ ነው የሚለው። መቶ ጊዜ አስኬጄዋለሁ፤ ንቅንቅ አይልም።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።»

«እንደገና ለኪው።»

«ሁለት ጊዜ ለክቻለሁ። ቀጣይ!» አለች ወደ በሩ። ተማሪዎቹ ግን ፈርተው ሹልክ ብለው ወርደዋል፤ ያን ቀን ሌላ የሚለካ ነገር አልመጣም። ቦርዱን እንደ ደንቡ እስከ ጉባኤው ቀን ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

ማታ፣ እራት ላይ እጩው ከክፍሉ አልወጣም። ታናሽየዋ ምግቡን አቀረበችና አልቀመሰችውም።

«እቴቴ» አለች። «ዛሬ የምለምንሽ ለእሱ አይደለም፤ ለራሴ ነው። እንደገና ለኪለት።»

«ሁለቴ ለካሁ።»

«ሦስተኛ ብትለኪ እጅሽ ይቆረጣል?»

«ለእህቴ ባል ሦስት ጊዜ ከለካሁ ለሰው ልጅ ስንት ጊዜ ልለካ ነው?»

«እሱም የሰው ልጅ ነው!»

«ይህንን አልለካሁም።»

ታናሽየዋ ሳህኗን አንሥታ ቆመች። ከክፍሉ ውስጥ የእጩው ድምፅ መጣ፤ «ተያት! ደስታዋን አትረብሺባት።» በሩ ተዘጋ። ዳኛዋ ብቻዋን እራቷን ጨረሰች፣ ሳህኗን አጠበች፣ ገብታ ተኛች። ስለ ደስታዋ ያለው እውነት ባይሆን ኖሮ ያን ያህል አያንገበግባትም ነበር።

ረቡዕ ጠዋት የክፍሉ ኃላፊ የመለኪያ ክፍሉን በር በጉልበቱ ገፋ አድርጎ ገባ፤ በሁለት እጁ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዟል። አንዱን ሰጣት። በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያው ነው።

«ሰማሁ» አለ። «ሠላሳ አንድ በመቶ! እንግዲህ ነገ ጉባኤው አይምረውም። ልንገርሽ፣ ያ የኮምፒውተር ማመልከቻም አብሮት ይሄዳል። ጸሐፊው ከሌለ ማን ይገፋዋል? ጠረጴዛሽ አንቺ ጡረታ እስክትወጪ እዚሁ ነው።»

«ሻዩ ስኳር በዝቶበታል» አለች። ግን ጠጣችው።

ቀትር ላይ ሕንጻው ባዶ ሆነ። ዳኛዋ ከማክሰኞ ወዲህ የመጀመሪያ የሆነው የአንድ ተማሪ የድምፅ ማጉሊያ ስለሚቀራት ምሳ አልወጣችም። እንደ ልማዷ ፕሮቡን ከሜንጦዋ ጋር አያያዘችና ካቻቪቴዋን አዞረች። ስክሪኑ ላይ ያለው ቅርጽ አልተነቃነቀም። ጨምራ አዞረች። ምንም። ካቻቪቴዋን አስቀምጣ ፕሮቡን ወደ መነጽሯ አቀረበች።

ፕሮቡ ጎን ላይ የጥፍር ያህል ተንሸራታች ማብሪያ አለች። ሁለት ቦታ አላት፤ አንድና አሥር። አሥር ላይ ስትሆን ፕሮቡ ከምልክቱ አንድ አሥረኛውን ብቻ ይወስዳል፤ ሰርኪቱ ላይ ቀሎ ይቀመጣል። አንድ ላይ ስትሆን ሙሉውን ይወስዳል፤ ግን የገመዱን ክብደት ሁሉ፣ መቶ ፒኮፋራድ ያህል፣ ሰርኪቱ ላይ ይጭናል። ለፓወር ሰፕላይ ይህ ኢምንት ነው፤ እንዲያውም ትንሹን መንቀጥቀጥ ለማየት አንድ ላይ ነው የሚለካው። እጩው በፊልተሩ ላይ የተጠቀመባቸው ካፓሲተሮች ግን እያንዳንዳቸው መቶ ፒኮፋራድ ናቸው። መቶ በሚመዝን ዕቃ ላይ ሌላ መቶ ጭኖ «ለምን ዘገየህ?» እንደማለት ነው።

ማብሪያዋ አንድ ላይ ነበረች። ማክሰኞ ጠዋት ለፓወር ሰፕላዩ ራሷ ያደረገቻት ቦታ ላይ።

ዳኛዋ ተነሥታ በሩን ቆለፈች፣ ቁምሳጥኑን ከፈተች፣ ማብሪያዋን ወደ አሥር ገፋች፣ አስተካከለች፣ የእጩውን ቦርድ ለካች። ዘጠኝ መቶ አሥራ ዘጠኝ። ሦስት ጊዜ ለካች። ዘጠኝ መቶ አሥራ ዘጠኝ። ስምንት በመቶ፤ ያልፋል። ሌሎቹንም በሮች ሞከረች። ዝቅተኛውንም፣ ከፍተኛውንም እንደ ሥዕሉ ለየ። የሚያምር ሥራ ነበር፤ አጠገቧ ግን ይህን የምትነግረው ሰው አልነበረም፣ ቢኖርም አትነግረውም።

አዲስ ቅጽ ሞላች። አሮጌውን አውጥታ አጠገቡ አስቀመጠችና አየቻቸው። ያሳመማት ስድስት መቶ ዘጠና ሁለቱ አልነበረም፤ ማሽኑ የተጠየቀውን ነው የመለሰው። ያሳመማት «የፕሮብ ቦታ፦ አሥር» የሚለው የራሷ እጅ ጽሑፍ ነው። ሳታይ ጽፋዋለች።

ለእጩው አላዘነችም። ይህን ደጋግማ በውስጧ ፈተሸችው፤ አልተገኘም። ዝም ብትል ነገ ሰውየው ይሰናበታል፣ ሜትሩም አብሮት ይሄዳል፤ ጠረጴዛው ይቀርላታል። ብትናገር ሃያ ሁለት ዓመት ያለ ይግባኝ የኖረው ፊርማዋ ይግባኝ ይመጣበታል። አዲሱን ቅጽ አጥፋ በካፖርቷ ኪስ ከተተችው። ከሰዓት በኋላ በኃላፊው ቢሮ በር ሁለት ጊዜ አለፈች። ሁለቱንም ጊዜ ክፍት ነበር። በሦስተኛው ተዘግቶ አገኘችው፤ ስለተዘጋም ቀለላት። ቤት ስትገባ ማንም ሰላም አላላትም፤ እሷም አላለች።

ሐሙስ አራት ሰዓት ጉባኤው ተቀመጠ። ረጅም ጠረጴዛ፣ ኃላፊው፣ ከሌላ ተቋም የመጣ ጉንፋን የያዘው የውጭ ፈታኝ፣ ከኋላ ረድፍ ጥቂት ታዳሚዎች። ታናሽየዋ ከሥራ አስፈቅዳ መጥታ በር አጠገብ ተቀምጣለች። ዳኛዋ እንደ ደንቡ ስለ ቅጹ ልትጠየቅ በመሐለኛው ረድፍ አለች።

እጩው ግማሽ ሰዓት ተናገረ። ጥሩ ተናገረ። ፈታኙ አፍንጫውን ጠርጎ ቅጹን አነሣ።

«ንድፉ ቆንጆ ነው» አለ። «ግን ሠላሳ አንድ በመቶ… ለዚህ ምን መልስ አለህ?»

እጩው ውኃ ጠጣ። «ልኬቱ የውሸት ነው» አለ። «ሴትዮዋ የባለቤቴ እህት ናት። ከገባሁበት ቀን ጀምራ ቂም ይዛብኛለች። ሆን ብላ ነው ያበላሸችብኝ።»

ኃላፊው «አነጋገርህን አስተካክል» አለው፤ ፊቱ ላይ ግን የተደሰተ ነገር ነበር። ወደ ዳኛዋ ዞረ፤ «እርስዎ የሚሉት ነገር ካለ?»

ዳኛዋ ተነሣች። ከአንድ ደቂቃ በፊት ኪሷ ውስጥ የነበረው ወረቀት እርማት ነበር፤ አሁን የእምነት ቃል ሆነ። አሁን ብታወጣው ሰውየው ያለው ሁሉ እውነት ይመስላል። «ፊርማዬ ፊርማዬ ነው» ብላ ብትቀመጥ ማንም አይጠይቃትም። እጁን በወገቡ አድርጎ፣ አገጩን ቀና አድርጎ የሚያያትን ሰው አየችው። እጇ ኪሷ ገባ።

«ቁጥሩ ስህተት ነው» አለች። ወረቀቱን ፈታኙ ፊት ዘረጋችው። «ፕሮቡ አንድ ላይ ነበር። ትክክለኛው ይኸው።»

«አላልኳችሁም!» አለ እጩው።

ፈታኙ ሁለቱን ቅጾች ጎን ለጎን አየ። «ሆን ብለው ነው?»

«አይደለም። ሆን ብዬ ቢሆን ኖሮ የአንደኛ ዓመት ተማሪ የሚሳሳተውን ስህተት አልመርጥም ነበር።»

«ታዲያ ምን ሆነው ነው?»

«ተናድጄ ነበር። ጠረጴዛዬን በአናጢ ሜትር ይለካብኝ ነበር።»

«ምኑን?» ፈታኙ ወደ እጩው ዞረ። እጩው ወደ ግድግዳው ዞረ።

«ቅጹ ላይ ግን አሥር ይላል» አለ ኃላፊው። ደስታው ከፊቱ ጠፍቶ ነበር።

«እጄ ለምዶ ነው የጻፈው። ዓይኔ አላየም። ከስህተቱ የሚከፋው እሱ ነው።»

እጩው ያን ጊዜ ዝም ቢል ይበቃው ነበር። ግን ስድስት ዓመት ዝም ብሏል። «እንግዲያውስ ልጠይቅ!» አለ። «ሃያ ሁለት ዓመት የፈረመችው ሁሉ ምን ዋስትና አለው? ስንት ሰው ነው በእጇ ልማድ የወደቀው?»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። በሩ አጠገብ ታናሽየዋ አፏን በመዳፏ ያዘች።

«እሱን እኔም አላውቀውም» አለች ዳኛዋ።

ፈታኙ አዲሱን ቅጽ ወደ ራሱ ሳበ። ከዚያ እሱ ራሱ ቀጠለ፤ «አሁን ዘጠኝ መቶ አሥራ ዘጠኝ ነው የሚሉት?»

«ዘጠኝ መቶ አሥራ ዘጠኝ።»

«እሱም ቢሆን ያንሳል» አለ እጩው። «አሥር ላይም ቢሆን ፕሮቡ ክብደት አለው። እሱ ተቀንሶ ዘጠኝ መቶ ሰባ መባል አለበት።»

«እውነቱን ነው፤ ይኖረዋል» አለች። «ያልለካሁትን ግን አልጽፍም።»

ፈታኙ ሊስቅ ሲል አስነጠሰው። «ስለ ሰርኪቱስ? ሰውየውን ትተን?»

«ሰውየውን ትቼ ከሆነ» አለች ዳኛዋ፣ «ንጹሕ ሥራ ነው። የሚቀነስ አንድ ሬዚስተር የለበትም። ፈልጌ ነበር።»

እጩው የሰርኪቱን ሥዕል አንሥቶ እንደ አዲስ አየው።

ውሳኔው ከሰዓት በፊት ተነበበ። ፊልተሩ ተቀባይነት አግኝቷል፤ የኮንትሮለሩ ክፍል በሁለት ወር ውስጥ በዚሁ ኢንስቲትዩት ተለክቶ ይቅረብ። ከእንግዲህ የመለኪያ ቅጽ በአንድ ሰው ፊርማ አይጸናም። የሁለት ዓመት ልኬቶች በናሙና ይመርመሩ። የመለኪያ ክፍሉ ግማሽ ለኮምፒውተሮች ይለቀቅ። የመጨረሻዋን ኃላፊው ራሱ ነው ያስጨመራት፤ ማመልከቻው ጉባኤው ፊት ሳይቀርብ ከየት እንዳገኛት ማንም አልጠየቀም።

ኮሪደር ላይ ታናሽየዋ ጠበቀቻት። ዳኛዋ ምስጋና መስሏት «ምንም አትበይኝ» አለች።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለች እህቷ።

«ረቡዕ። ቀትር ላይ።»

«ቀትር ላይ! ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሰው ነው ያደረው። ባልዲ ይዤ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነው ያደርኩት። አንቺ በግድግዳው በዚያ በኩል ተኝተሽ ነበር፤ ወረቀቱ ኪስሽ ውስጥ ነበር። አንድ ጊዜ ማንኳኳት አቃተሽ?»

«የኃላፊው ቢሮ ተዘግቶ ነበር።»

«የእኛ ቤትስ?»

እህቷ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ወርወር አድርጋ ደረጃውን ወረደች። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በወጥ ቤቱ ሁለት ጊዜ ይበሰላል።

ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ኮንትሮለሩ ተበይዶ ሲያልቅ፣ እጩው የጫማ ካርቶኑን ይዞ መጣ። የመለኪያ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሏል። በዚያኛው ወገን አሥር ኮምፒውተሮች ያንሾካሹካሉ፤ በዚህኛው ጠረጴዛዋ ግድግዳ ተጠግቷል። ሁለተኛ ፈራሚ ተብሎ የተመደበው ለጋ አስተማሪ ጥግ ላይ ወንበር ይዞ፣ ከሁለቱ ማንኛቸውንም ላለማየት ስልኩን ይመለከታል። ሰነዶቹ እየተመረመሩ ነው፤ ከተመረመሩት አርባ ቅጾች እስካሁን አንድ ሌላ ስህተት ተገኝቷል። የተሳሳተበት ተማሪ ተመርቆ ከሄደ ቆይቷል፤ ዳኛዋ ግን ስሙን ታውቀዋለች።

እጩው በሩ ላይ ቆመ። «ዛሬ ተናደሻል?»

«አዎ።»

«ነገ ልምጣ?»

«ነገም እናደዳለሁ። የማልናደድበትን ቀን ከፈለግህ ጡረታ ስወጣ ና።»

ሁለተኛው ፈራሚ ስልኩ ውስጥ ጠለቀ። እጩው ገባ፣ ቦርዱን አስቀመጠ፣ ከአጠገቡ ኮንትሮለሩ የሚጠብቀውን ትንሽ ማሞቂያ አደረገ። ዳኛዋ ፕሮቡን አንሥታ ማብሪያዋን ወደ እሱ አዞረች።

«ምን ላይ ናት?»

«አሥር።»

«ጮክ በል። ፈራሚው ይስማ።»

«አሥር ላይ ናት!»

«ጻፍ» አለች ለወጣቱ። ፕሮቡን ከሜንጦዋ ጋር አያያዘች፣ ካቻቪቴዋን አዞረች፣ ቅርጹ ሲስተካከል አየች፤ ወጣቱም ተጠግቶ እንዲያይ አደረገች። ከዚያ ወደ ቦርዱ ዞረች። ሥራው ንጹሕ መሆኑን ሳትነካው አየችው፤ አልተናገረችም። ኤሌክትሪኩን ሰጠች። ማሞቂያው መሞቅ ጀመረ፣ በስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ተነሣ።

«ስንት ሆነ?» አለ እጩው በትከሻዋ ላይ አንገቱን አስግጎ።

«ገና አልለካሁም። ጥላህን ከስክሪኑ ላይ አንሣ።»

ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያ አልጨመረም፤ እሷም ጨምር አላለችውም።